ድኅረ ወሊድ የደም መፍሰስና የሆስፒታል ቡድን ዝግጁነት፤ የካልጋሪ ተሞክሮ ለአገራችን የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

በአገራችን አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል ሊጠይቃት የሚመጣ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ከደጃፉ ጀምሮ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። አነጋገሩ ከተራ የደስታ መግለጫ የተለየ ነው። መማር ማለት ሊደርስ ይችል ከነበረ ክፉ ነገር መትረፍ በመሆኑ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ወሊድን በሕይወትና በሞት መካከል እንዳለ መሻገሪያ ያዩት እንደነበር ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ዛሬ ይኸው ቃል በካናዳዋ የካልጋሪ ከተማ፣ ገንፎ በፔርሙስ ይዘው ወደ ሆስፒታል በሚገቡ ኢትዮጵያውያን አንደበት ይሰማል። ብዙዎቻችን ግን በዚህ አገር የምንናገረው እንደ ወግ ብቻ ነው፤ ከምን እንደተማረች አንጠይቅም።

ቃሉ ዛሬም ከወግ በላይ ትርጉም አለው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እናቶች ከወለዱ በኋላ ደማቸው ፈስሶ ይሞታሉ። የሚበዙትም በአፍሪካና በደቡብ እስያ የሚገኙ ናቸው። በካናዳ እንዲህ ያለው ሞት እጅግ ብርቅ ነው። የደም መፍሰሱ ግን ብርቅ አይደለም፤ በአገር አቀፍ ጥናት እንደተመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከመቶ ወላዶች 5.1 ያህሉን ያጋጠመ ሲሆን በ2010 ወደ 6.2 ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሁለቱ ዓለማት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የሚታየው እንግዲህ ደሙ መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ እነዚያን ደቂቃዎች ለመመርመር እንሞክራለን። ለመግለጽ የምንሻው ዋና ሐሳብ አጭር ነው። ዝግጁነት ከሁሉ በፊት ስምምነት ነው፤ ይኸውም ደሙ ከመፍሰሱ አስቀድሞ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ማን ማንን እንደሚጠራ፣ በስንት ሚሊ ሊትር ላይ እርምጃ እንደሚጀመር የአንድ ክፍል ሠራተኞች በሙሉ ተስማምተው፣ ስምምነታቸውንም በልምምድ ፈትነው ሲገኙ ነው። ይህ የዝግጁነት ክፍል በገንዘብ ከሚገዛው ሁሉ ይልቅ ርካሽ በመሆኑ፣ ለድሀ አገር ሆስፒታልም ተደራሽ ነው ብለን እናምናለን።

1. የችግሩ ባሕርይ

በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማኅፀን የሚሄደው ደም በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። የነፍሰ ጡሯ ጠቅላላ ደም ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሊትር ያህል ነው። ሕፃኑ ተወልዶ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ፣ ደሙን ያደርሱ የነበሩት ሥሮች አፋቸው ክፍት ሆኖ ይቀራል። የሚዘጋቸው የማኅፀኑ ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው በየአቅጣጫው የተሸመነ በመሆኑ በሚኮማተርበት ጊዜ ሥሮቹን ጠምዝዞ ያንቃቸዋል። ይህ ሳይሆን ከቀረ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ፍጹም ጤናማ የነበረች ሴት ከሩብ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ለሞት ልትቀርብ ትችላለች።

ሐኪሞች የደም መፍሰሱን ምክንያቶች በአራት ይከፍሏቸዋል። አንደኛውና ከአሥሩ ሰባት ያህሉን የሚሸፍነው የማኅፀን መላላት ነው። ሁለተኛው የማኅፀን፣ የማኅፀን በር ወይም የብልት መቀደድ ነው። ሦስተኛው የእንግዴ ልጅ ወይም የቅሪቱ በውስጥ መቅረት ሲሆን፣ አራተኛው ደሙ የመርጋት ችሎታውን ማጣቱ ነው። ምክንያቶቹ ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ይወልዳሉ። በመላላት የጀመረ መፍሰስ ሲረዝም፣ ለመርጋት የሚያስፈልጉት ንጥረ ነገሮች አብረው ፈስሰው ያልቃሉና መጀመሪያ በመርፌ ሊቆም ይችል የነበረው መፍሰስ በመጨረሻ በቀዶ ጥገናም አልቆም ሊል ይችላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ማኅፀንን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ተሠርቶ፣ ሠሪው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1955 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ደም የረጋበት ቦታ እንዳይሟሟ የሚያግዘው ትራኔክሳሚክ አሲድ በ1960ዎቹ በጃፓናዊቱ ሳይንቲስት በኡታኮ ኦካሞቶና በባለቤቷ የተገኘ ሲሆን፣ በ21 አገሮች 20 ሺህ ያህል እናቶች የተካፈሉበትና በ2017 የታተመው «ውማን» የተባለ ጥናት፣ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የተደረገው ትንተና በየ15 ደቂቃው መዘግየት ጥቅሙ በአሥር ከመቶ ያህል እንደሚወርድ ገልጿል። እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ በማኅፀን ውስጥ የሚነፋ ፊኛ፣ ማኅፀንን ጨምቆ የሚይዝ ስፌት፣ በመጨረሻም ማኅፀንን ማውጣት አለ።

መድኃኒቱ ከታወቀ እናቶች ስለ ምን ይሞታሉ? ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ ሁለተኛው መንገዱን ተጉዞ በመድረስ፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚከሰት መዘግየት ነው። እኛ የምንመለከተው ሦስተኛውን ነው። እናቲቱ ሆስፒታል ውስጥ ተኝታ፣ መድኃኒቱ በዚያው ቤት በቁም ሣጥን ተቀምጦ ሳለ የሚጠፋው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን፣ ከሁሉም ይልቅ ሊታረም የሚችል ነው።

2. ዐይን እንደማይታመን

የመጀመሪያው ጊዜ የሚጠፋው ባለማወቅ ነው። በአልጋ አንሶላ፣ በጎዝ፣ በወለል ላይ የተበተነን ደም በዐይን ገምቶ መጠኑን መናገር የቱን ያህል አሳሳች እንደሆነ ተደጋግሞ ተጠንቷል። ልምድ ያላቸው ሐኪሞችና አዋላጆች ሳይቀሩ ብዙ ደም በፈሰሰ ቁጥር እውነተኛውን መጠን ከሲሶ እስከ ግማሽ አሳንሰው ይገምታሉ። የእናቲቱ ሰውነትም ሐኪሙን ያታልላል። ወጣትና ጤናማ ሴት ከደሟ ሩብ የሚያህለውን እስክታጣ ድረስ የደም ግፊቷ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል፤ አስቀድሞ የሚፈጥነው የልቧ ትርታ ነው። ስለዚህ የልብ ትርታን ለላይኛው የደም ግፊት አካፍሎ ማየትና ውጤቱ 0.9 ሲደርስ መጠንቀቅ፣ ግፊቱ እስኪወርድ ከመጠበቅ የተሻለ ምልክት ይሰጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ልኬት የተጻፈበትና በወላዷ ሥር የሚዘረጋ የፕላስቲክ መቀበያ ደሙን ሰብስቦ መጠኑን በግልጽ ያሳያል። በደም የራሰውን ጎዝና ጨርቅ በሚዛን መዝኖ የደረቁን ክብደት መቀነስም ይቻላል፤ 1 ግራም እንደ 1 ሚሊ ሊትር ይቆጠራል። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ይበቃል።

የዚህ ቀላል ነገር ኃይል የታየው «ኢሞቲቭ» በተባለው ጥናት ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ ወደ 80 በሚጠጉ ሆስፒታሎች ከ200 ሺህ በላይ ወላዶችን ያካተተው ይህ ጥናት በ2023 ታትሟል። በአንደኛው ወገን የነበሩት ሆስፒታሎች በልኬት መቀበያ ተጠቅመው ደሙ ከወሰኑ ሲያልፍ ማኅፀንን ማሸት፣ ማኅፀን አኮማታሪ መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና የመፍሰሱን ምንጭ መመርመር የተባሉትን ተራ በተራ ከመሞከር ይልቅ ባንድነት እንዲፈጽሙ ተደረገ። በእነርሱ ዘንድ የደም መፍሰሱ በጊዜ የታወቀው ከመቶ 93 ላይ ሲሆን፣ በቀድሞው አሠራር በቀጠሉት ዘንድ ግን ከመቶ 51 ላይ ብቻ ነበር። ከባድ የደም መፍሰስንና መዘዙን ባንድነት የሚለካው ውጤት ከ4.3 ከመቶ ወደ 1.6 ከመቶ ወርዷል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ከመድኃኒቶቹ አንዱም አዲስ አለመሆኑ ነው። አዲስ የነበረው ደሙ መለካቱ፣ እርምጃው ባንድነት መወሰዱና ሠራተኞቹ በዚያ ላይ መሠልጠናቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ 500 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ ሳይጠበቅ፣ 300 ሚሊ ሊትር ፈስሶ የእናቲቱ የልብ ትርታ ወይም የደም ግፊት ከተለወጠ እርምጃው እንዲጀመር መክሯል።

3. ቡድን ከግለሰብ እንዴት እንደሚለይ

ሁለተኛው ጊዜ የሚጠፋው በዝምታ ነው። ይህን ለመረዳት ለጥቂት ጊዜ ከሆስፒታል ወጥተን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መሄድ ይኖርብናል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፌ፣ ሁለት ታላላቅ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ከሁለቱ በአንደኛው ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን መንደርደሪያውን መልቀቁን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ ዋናው አብራሪ በልበ ሙሉነት ስለመለሰለት ነገሩን አልገፋበትም። ይህና ሌሎች አደጋዎች በሚገባ ከተመረመሩ በኋላ የአየር መንገዶች ሠራተኞቻቸውን ስለ ሞተርና ስለ መሪ ብቻ ሳይሆን ስለ መነጋገርም ማሠልጠን ጀመሩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችም በአዲስ አበባ በሚገኘው ማሠልጠኛ ይህንኑ ትምህርት ይወስዳሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሰመመን ሐኪሙ ዴቪድ ጋባና ጓደኞቹ ዘዴውን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አምጥተው ለሕክምና አስማሙት።

ካልጋሪ ይህን ትምህርት የተማረችው በራሷ ኀዘን ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በካልጋሪ የጤና ክልል ማዕከላዊ ፋርማሲ የኩላሊት ማጠቢያ ፈሳሽ ሲዘጋጅ ሶዲየም ክሎራይድ በሚገባበት ቦታ ፖታሲየም ክሎራይድ ገብቶ ሁለት ሕሙማን ሞቱ። የጤና ክልሉ ስሕተቱን ለሕዝብ ይፋ አደረገ፤ ከውጭ በተጠሩ ባለሙያዎችም ምርመራ ተካሄደ። የተገኘው ትምህርት ከአንድ ሰው ጥፋት የሰፋ ነበር። ተመሳሳይ ዕቃዎች እንዴት አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ፣ ማን ያረጋግጣል፣ የታየ ስጋት እንዴት ይነገራል የሚሉ ጥያቄዎች ተነሡ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ የሕሙማን ደኅንነት የአስተዳደር ጉዳይ ከመሆን አልፎ የጥናትና የሥልጠና መስክ ሆኗል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ክፍል ልዩ ትኩረት ይሻል። ታናሽ በታላቅ ፊት፣ ነርስ በዶክተር ፊት፣ ተለማማጅ በአለቃው ፊት ዝም ማለት በባህላችን ጨዋነት ነው። ይሉኝታ ብዙ መልካም ነገር ጠብቆልናል፤ እናት ደሟ እየፈሰሰ ባለበት ክፍል ግን ይሉኝታ ደቂቃ ይበላል። «ዶክተር፣ ደሙ 700 ደርሷል፤ እርዳታ ልጥራ?» ብላ የምትጠይቅ ወጣት አዋላጅ ድፍረት ያስፈልጋታል። ድፍረቱን በየጊዜው ከራሷ ልብ እንድታመጣ መጠበቅ አይገባም። ደንቡ አስቀድሞ «500 ሲደርስ ማንም ያየ ሰው ይጥራ» ካለ፣ መጥራቷ ሥርዓት ማክበር ይሆናል። ጽሑፋችን ስምምነት ያለው ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ የምትገኘውን ሠራተኛ ነው።

4. በካልጋሪና በካናዳ የሚሠራው

በካልጋሪ ወሊድ የሚስተናገድባቸው አራት ታላላቅ ሆስፒታሎች ፉትሂልስ፣ ፒተር ሎሂድ፣ ሮኪቪው እና በደቡብ የከተማዋ ክፍል የሚገኘው ሳውዝ ሄልዝ ካምፓስ ናቸው። እጅግ አስጊ የሆኑ እርግዝናዎች ከደቡብ አልበርታ ሁሉ ወደ ፉትሂልስ ይላካሉ። በ1985 በዚሁ ከተማ የተመሠረተው «ስታርስ» የተባለ የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ድርጅትም ከገጠር ከተሞች ሕሙማንን ያመላልሳል። እንዲህ ያለ አቅም ያለው ከተማ ስለ ቡድን ልምምድ መጨነቁ በራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ባንክ የሞላ ደምና ሰማይ የሚሰነጥቅ ሄሊኮፕተር ስምምነትን አይተኩም።

የካናዳ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 «ሞርኦቢ» የተባለ ፕሮግራም የጀመረ ሲሆን፣ የአልበርታ ሆስፒታሎችም ተቀብለውታል። ፕሮግራሙ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ አብሮ መማር፣ አብሮ መሥራት፣ ባህልን መለወጥ። ዐዲስነቱ በአንድ የወሊድ ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች አንዱን ትምህርት ባንድ ገበታ እንዲማሩ ማድረጉ ነው። ከዚህም ጋር በክፍለ ሀገሩ ለሁሉም የጤና ሙያዎች የሲሙሌሽን ሥልጠና የሚሰጥ አገልግሎት ተቋቁሟል።

ሲሙሌሽን ወይም የማስመሰል ልምምድ የሚባለው እንዴት እንደሚካሄድ ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ እንግለጽ። ልምምዱ የሚደረገው በመማሪያ አዳራሽ ሳይሆን በዚያው በወሊድ ክፍሉ፣ በሥራ ሰዓት፣ በዕለቱ ተራ በያዙት ሠራተኞች ነው። በአልጋው ላይ አሻንጉሊት ወይም እናት መስላ የምትተኛ ባልደረባ ትሆናለች፤ ቀይ የተቀባ ውሃ ይፈሳል፤ ሰዓት ይያዛል። አንዷ ነርስ ትጣራለች። አንዱ ማኅፀኑን ያሻል፣ አንዱ ሁለት ሰፋፊ መርፌዎች በደም ሥር ያስገባል፣ አንዷ መድኃኒት ታመጣለች፣ አንዷ ሰዓትና መጠን ትጽፋለች፣ አንዱ ከደም ባንክ ጋር ይነጋገራል፣ አንዱ ከአልጋው ራስጌ ቆሞ እናቲቱንና ባለቤቷን ያነጋግራል። መሪው ዕቃ አይነካም፤ ቆሞ ሁሉን ያያል። የታዘዘ ሰው ትእዛዙን ደግሞ ይናገራል፣ ፈጽሞም «ተሰጥቷል» ይላል።

ከልምምዱ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ውይይት ነው። ማንም አይወቀስም፤ ምን እንደሆነ ይመረመራል። በእንዲህ ያለ ልምምድ የሚገለጡት ጉድለቶች ብዙውን ጊዜ ተራ ናቸው። ኦክሲቶሲኑ በማቀዝቀዣ፣ ሌላው መድኃኒት በሌላ ክፍል ቁም ሣጥን፣ ፊኛው በቀዶ ጥገና ክፍል ተቀምጦ ይገኛል። ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ሲሠሩ ሌላውን ማንም አይሠራውም። ደም ለማምጣት የሚላከው ሰው ምን ወረቀት እንደሚያስፈልገው አያውቅም። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሆስፒታሎች ለደም መፍሰስ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ባንድነት የተሰናዳበት ጋሪ አዘጋጅተዋል። ብዙ ደም በአስቸኳይ ሲያስፈልግም አንድ የስልክ ጥሪ ቀይ የደም ሕዋስ፣ ፕላዝማና ፕላትሌት ባንድነት እንዲመጣ የሚያደርግበት ሥርዓት ተዘርግቷል።

ይህ ሁሉ በእርግጥ ፍሬ ያፈራል ወይ ብሎ መጠየቅ የምሁር ግዴታ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ጋሪውን፣ ልኬቱን፣ ልምምዱንና ከክስተት በኋላ የሚደረገውን ግምገማ ባንድነት ሥራ ላይ ያዋሉ 99 ሆስፒታሎች ተጠንተው ነበር። በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ደም ከፈሰሳቸው እናቶች መካከል ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው በ20.8 ከመቶ ቀንሰዋል፤ ባልተካፈሉት ሆስፒታሎች ግን ቅናሹ 1.2 ከመቶ ብቻ ነበር። ድክመትም አለ። በልምምድ የተገኘ ችሎታ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል፤ ሠራተኛ ይለዋወጣል፤ ሥራ የበዛበት ክፍል ልምምዱን «ለሚቀጥለው ሳምንት» ማለት ይወዳል። አንድ ጊዜ ተደርጎ ግድግዳ ላይ የምስክር ወረቀት የተሰቀለበት ልምምድ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምስክርነቱ ለግድግዳው ብቻ ይሆናል።

5. ስደተኛዋ እናት በአልጋው ላይ

ዝግጁ ቡድን እናቲቱንም የቡድኑ አባል ያደርጋል። እዚህ ላይ የእኛ እናቶች ጉዳይ ይነሣል። በካልጋሪ ብዙ ስደተኞች የሚኖሩት በሰሜን ምሥራቅ ክፍል ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ወላዶችም ጥቂት አይደሉም።

ሕመምን ችሎ ዝም ማለት ለአበሻ ሴት የጨዋነት ምልክት ነው። ነርሷ «እንዴት ነሽ?» ስትላት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ትርታዋ 120 ደርሶም ደኅና ነኝ ትላለች። ቋንቋው ሲጨመርበት ዝምታው ይጠናል። አስተርጓሚ እስኪመጣ የሚተረጉምላት ባሏ ራሱ ተደናግጦ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ሌላም አለ። የደም ማነስንና የደም ማለቅን በፊት መገርጣት ለማወቅ የለመደ ዐይን በጠይም ፊት ላይ ይሳሳታል፤ የዐይን ቆብ ውስጡን፣ ከንፈርንና መዳፍን ማየት ያስፈልጋል። በልጅነቷ የተገረዘች ሴት ደግሞ ለደም መፍሰስ ይበልጥ የተጋለጠች መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች አስጠንቶ በ2006 ባሳተመው ውጤት አረጋግጧል።

ስለዚህ ለወገኖቻችን የምንሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ከወለዱ በኋላ ጨርቅ በፍጥነት የሚያርስ ደም፣ ራስ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ያለ ምክንያት መጨነቅ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከታየ በዚያች ሰዓት ይሉኝታ የለም፤ መጥራት ነው። ቤት ከተመለሱ በኋላም እንዲሁ። ባልና ዘመድም «አራስ እንዲህ ናት» ብለው ማለፍ የለባቸውም።

6. ወደ አገር ቤት ስንመለከት

የኢትዮጵያን ሁኔታ በቁጥር ብናይ መሻሻሉ አይካድም። በሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደተመለከተው በ100 ሺህ ሕያው ወሊዶች የሚሞቱ እናቶች ቁጥር በ2000 871፣ በ2005 673፣ በ2011 676፣ በ2016 412 ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2000 ከመቶ 5 ብቻ ሲሆኑ፣ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 መጀመር፣ በ2009 አካባቢ የተጀመረው የጤና መኮንኖችን ለአስቸኳይ ቀዶ ጥገና የማሠልጠን ሥራ፣ በ2013 የተዘረጋው የእናቶችን ሞት የመመዝገብና የመመርመር ሥርዓት ለዚህ ድርሻ አላቸው። በአንጻሩ ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል፤ በአማራ ክልል ከ2023 ጀምሮ የተከሰተው ግጭትም የአምቡላንስንና የመድኃኒትን መንገድ አስቸጋሪ አድርጎታል።

እናቶች ወደ ጤና ተቋም መምጣታቸው እየበዛ ሲሄድ የመዘግየቱ ቦታ ከመንደርና ከመንገድ ወደ ሆስፒታሉ ውስጥ ይሸጋገራል። ሩቅ መንገድ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧት እናት በር ገብታ ብትሞት፣ ጎረቤቶቿ የሚማሩት ነገር ሆስፒታል መሄድ ከንቱ መሆኑን ነው። ስለዚህ ሦስተኛው መዘግየት ካልታረመ የመጀመሪያው ተመልሶ ይመጣል።

የጎደለው ነገር ስምምነት ብቻ ነው ብንል ግን እናጋንናለን። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት መቀመጥ አለበት፤ መብራት በሚቋረጥበት ጤና ጣቢያ ኃይሉን ያጣል። በ2018 በ10 አገሮች 30 ሺህ ያህል ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት ሙቀትን የሚቋቋመው ካርቤቶሲን ለመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ ማሳየቱ ተስፋ ይሰጣል። ደምም ሰው ካልለገሰ አይገኝም፤ ይህን ምንም ዓይነት ልምምድ አይተካውም።

የቡድን ሥራ ግን ለአገራችን ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። በ1953 በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ጤና መኮንኑን፣ ኮሚዩኒቲ ነርሷንና ሳኒቴሪያኑን በአንድ ግቢ ያስተምር፣ ከመመረቃቸውም በፊት በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ካናዳ በ2002 «አብሮ መማር» ብላ የጀመረችውን መንፈስ ጎንደር በራሷ መንገድ ቀድማ ታውቀዋለች። በ1990ዎቹ መጨረሻም የኢትዮጵያ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ከስዊድን አቻው ጋር በምዕራብ ሸዋ በአስቸኳይ የወሊድ ሕክምና ላይ መሥራቱ፣ በሙያ ማኅበራት መካከል የእኩልነት ትብብር ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል።

በስደት የምንገኝ ምሁራንና የጤና ባለሙያዎች ምን ማድረግ እንችላለን? በየዓመቱ በኮንቴነር ከምንልከው ያገለገለ ዕቃ መካከል መለዋወጫ የሌለው፣ መብራቱ የማይገጥመው፣ የሚጠግነው የታጣ ብዙ ነው። ከዚያ ይልቅ አራት ነገሮችን ለውይይት እናቀርባለን። አንደኛ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች አንድ ገጽ የማያልፍ፣ በወሊድ ክፍል ግድግዳ የሚለጠፍ የእርምጃ ሰሌዳ በአገር ቤት ካሉ ባለሙያዎች ጋር ማዘጋጀት። ሁለተኛ፣ ለዕረፍት የሚሄድ ባለሙያ በየጊዜው ወደ ተለያየ ሆስፒታል ከሚዞር፣ አንድ ሆስፒታል መርጦ ወደዚያው በመመለስ ልምምዱን በአካባቢው አሠልጣኞች እጅ እስኪጸና መከታተል። ሦስተኛ፣ የልኬት መቀበያ፣ ሚዛንና የመድኃኒት ሣጥን የመሳሰሉ፣ ዋጋቸው አነስተኛ ሆኖ በአገር ውስጥ ሊሠሩ ወይም ሊገዙ የሚችሉ ነገሮችን መደገፍ። አራተኛ፣ ለጉብኝት ስንሄድ ደም መለገስ፤ ይህን ለማድረግ ጥናትም ስብሰባም አያስፈልግም።

በዚህ ሁሉ መሪነቱ በዚያው ቤት ሌሊት ተራ የሚይዙት ሰዎች መሆን አለበት። ከውጭ የሄደ ሰው ልምምዱን ራሱ ቢመራው፣ እርሱ አውሮፕላን ሲሳፈር ልምምዱም አብሮት ይሳፈራል።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከተው፣ ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ብዙውን ጊዜ ማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ የማይታወቅ፣ ሲደርስ ግን በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ብቻ የሚሰጥ አደጋ ነው። የካልጋሪ ተሞክሮ የሚያሳየን፣ ሀብታም ሆስፒታልም ቢሆን ደሙን ካልለካ፣ ታናሹ እንዲናገር ካልፈቀደ፣ በገዛ ክፍሉ ካልተለማመደና ከሆነው ነገር በግልጽ ካልተማረ ዝግጁ ነው ሊባል እንደማይችል ነው። የኬንያና የታንዛኒያ ሆስፒታሎች ደግሞ በትንሽ ዕቃ ብዙ ነፍስ ማዳን እንደሚቻል ለጎረቤቶቻቸው አሳይተዋል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ቃል ከእኛ ጋር ይኑር፤ ምስጋናው ተገቢ ነው። ከምስጋናው ጎን ግን አንድ ጥያቄ እንድንጨምር እንለምናለን። እናት በምትወልድበት ቤት፣ በካልጋሪም ይሁን በደብረ ታቦር፣ በዚያች ሌሊት ተራ የያዙት ሰዎች መጨረሻ የተለማመዱት መቼ ነው? ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ባል፣ የሚጠይቅ የሆስፒታል ቦርድ፣ የሚጠይቅም የዳያስፖራ ማኅበር ሲበዛ መልሱ እየተሻሻለ እንደሚሄድ እናምናለን።